ባለቤቱ ማን ነው? የግሪን ቤይ ፓከርስ ነገር
(በዓመታዊው የመገናኛ ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ከእራት በፊት ስለሆነ ቀለል ያለ ነገር ይሁን» ብሎኛል። ስለዚህ ስለ ኳስ ልናገር ነው፤ ያውም ስለ እኛ ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖች «ፉትቦል» እያሉ በእጃቸው ታቅፈው ስለሚሮጡት። ርዕሱን የመረጥኩት ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጉባኤያችን አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ይህን ሁሉ ዓመት መዋጮ ከፈልኩ፤ ምን አገኘሁ?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም በቅጡ አልመለስንለትም። ጥያቄው እቤት ድረስ ተከተለኝ፤ ሳሰላስል ግሪን ቤይ ፓከርስ ትዝ አሉኝ።

ግሪን ቤይ በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኝ፣ ነዋሪዋ ከ100 ሺህ እምብዛም የማይበልጥ ከተማ ናት። በዚያ ሊግ ያሉት ሌሎች ቡድኖች የኒው ዮርክ፣ የቺካጎ፣ የዳላስ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ቢሊየነሮች። የፓከርስ ባለቤቶች ግን ከ530 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። አስተማሪ አለ፣ ገበሬ አለ፣ ጡረተኛ አለ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ከርሊ ላምቦ የሚባል ወጣት ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተምሮ፣ ቶንሲል አሞት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሥጋ በቆርቆሮ በሚያሽግ ድርጅት ተቀጠረና አሠሪዎቹን ለማልያ የሚሆን ገንዘብ ለመነ። 500 ዶላር ሰጡት፤ ቡድኑም በእነሱ ሥራ «ፓከርስ»፣ ማለትም «አሻጊዎች»፣ ተባለ። (ትምህርት ያቋረጠ ሰው ታሪክ በዚህ መድረክ መናገሬን መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ።) ሜዳው አጥር ስላልነበረው የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ከላምቦ ጋር ቡድኑን የመሠረተው ጋዜጠኛው ጆርጅ ካልሁን ባርኔጣ ይዞ በተመልካቹ መካከል እየዞረ ሳንቲም ይሰበስብ ነበር።

በ1922 ዕዳው አነቃቸው። ዝናብ ተመልካች እንዳያስቀርባቸው የዝናብ ኢንሹራንስ ገቡ። ዝናቡ መጣ፤ ግን ውሉ ከሚጠይቀው መጠን በጥቂቱ አነሰና ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ያኔ ነው የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበው በ1923 አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር፣ 1,000 አክሲዮን የሸጡት። 5,000 ዶላር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በ1935፣ በ1950፣ በ1997፣ በ2011 እና በ2021 ደግመው ሸጡ። የመጨረሻው ዋጋ 300 ዶላር ደርሷል።

እንግዲህ ያ ወንድማችን እዚህ ላይ ልብ ይበልልኝ። ለ300 ዶላሩ ምን ይገኛል? ትርፍ አይከፋፈልም። አክሲዮኑ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም፤ ለልጅ ወይም ለቤተሰብ ቢተላለፍ ነው። ትኬት ለመግዛት እንኳ ቅድሚያ አያሰጥም፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነውና። የሚገኘው በክፈፍ ተደርጎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀትና በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ድምፅ መስጠት ነው። መጀመሪያ ስሰማ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጅልነት መስሎኝ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በ1923 የጻፉት አንድ የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ነው። ቡድኑ ቢሸጥ ገንዘቡ ለባለአክሲዮኖቹ አይከፋፈልም፤ በከተማው ላለ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ተሰጥቶ የመታሰቢያ ሐውልት ይሠራበታል አሉ። በ1997 ተቀባዩ በበጎ አድራጎት ድርጅት ተተካ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሽያጩ ማንንም የማያበለጽግ ከሆነ ለመሸጥ የሚቸኩል አይኖርም። ሌሎች ትናንሽ ከተሞች ቡድኖቻቸውን ለትልልቆቹ ሲያስረክቡ ግሪን ቤይ የቀረችው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከ200 ሺህ አክሲዮን በላይ መያዝ አይችልም። ከፕሬዚዳንቱ በቀር የሥራ አስፈጻሚው አባላት ደመወዝ የላቸውም። ሊጉ ዛሬ እንዲህ ያለ ባለቤትነት አይፈቅድም፤ የእነሱን ግን ቀድሞ የነበረ ነው ብሎ ተወላቸው።

ድሃ ቡድን ነው ብላችሁ እንዳታዝኑላቸው፤ 13 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነዋል፣ ከማንም በላይ። የሱፐር ቦውል ዋንጫ ስሙን ያገኘው ከአሠልጣኛቸው ከቪንስ ሎምባርዲ ነው።

ስለ «አይስ ቦውል» ሳልነግራችሁ አልወርድም። ታኅሣሥ 31 ቀን 1967፣ ከዳላስ ካውቦይስ ጋር የዋንጫ ጨዋታ፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሎምባርዲ ከሣሩ በታች የማሞቂያ ሽቦ አስቀብሮ ነበር፤ በዚያ ቀን ከዳው፣ ሜዳው በረዶ ሆነ። የዳኞቹ ፉጨት ከከንፈራቸው ጋር እየተጣበቀ አስቸገረ፤ በድምፃቸው እየጮኹ አጫወቱ። 16 ሴኮንድ ሲቀር ፓከርስ 17 ለ14 ተመርተው ከመስመሩ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ባርት ስታር ኳሱን ለሌላ ይሰጣል ሲባል ራሱ ይዞት ገባ፤ 21 ለ17 አሸነፉ። በታዋቂው ፎቶግራፍ ላይ ከኋላው እጁን ወደ ላይ ያነሣው ቻክ መርሲን በደስታ የዘለለ ይመስላል። በኋላ ሲጠየቅ ግን ገፍቶ እንዳላስገባው ለዳኛው እያሳየ እንደነበር ተናግሯል፤ ያኔ መግፋት ክልክል ነበርና።

ዛሬም በረዶ በጣለ ቁጥር ቡድኑ ጥሪ ያደርጋል። የከተማው ሰው ገና ሳይነጋ አካፋ ይዞ ይሰለፋል፤ ለሥራው ይከፈለዋል፣ የሚመጣው ግን ለገንዘቡ አይመስለኝም። ክረምት፣ ማለቴ የእነሱ በጋ፣ ልምምድ ሲጀመር ደግሞ ሕፃናት ብስክሌታቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። ያ ግዙፍ ተጫዋች በልጁ ትንሽ ብስክሌት ላይ ጉልበቱ አገጩን እየነካ ወደ ልምምድ ሜዳ ይነዳል፤ ልጁ የተጫዋቹን የራስ ቁር ታቅፎ ከጎኑ ይሮጣል።

እራቱ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ገንዘብ ያዣችን በዓይናቸው እየነገሩኝ ነው። ያ ወንድማችን ዛሬም እዚህ ካለ እጁን ያውጣ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእሱ እቀበላለሁ። ስለ ጨዋታው ሕግ ብቻ አትጠይቁኝ፤ እሱን እኔም ገና እየተማርኩ ነው።