የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት አክሰል እድሳት በዩኒየን ግቢ

በምሥረታ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
ክቡራን የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣



እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ በብዛት የሚነሣው ስለ ተሰበሰበው እህል፣ ስለ ተሠራጨው ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘር ናሙናውን፣ ሒሳብ ሠራተኛውንና የልማት ባለሙያውን ከማኅበር ማኅበር የሚያደርሰው ተሽከርካሪ በዘር ወቅት ከቆመ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከዚህም የከፋው ሳይቆም ታሞ የሚሄደው መኪና ነው። የፊት አክሰሉ የተጎዳ መኪና ቁልቁለት ላይ መሪው ቢከዳው የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንምና።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተመረተው ባለ 60 ሞዴል ላንድክሩዘርና በባሌስትራ የሚሄዱት ቀደምት ባለ 70 ሞዴሎች የፊት አክሰላቸው ወጥ የብረት ቤት ነው። በግራና በቀኝ ጫፉ የብረት ኳስ አለ። መካኒኮች ናክል የሚሉት ከመሪው ጋር የሚዞረው ክፍል በዚህ ኳስ ላይ ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታዎች ተይዟል። በኳሱ ውስጥ ደግሞ ለጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ በግሪስ ተከቦ ይሠራል። ይህን ግሪስ ከዲፍረንሻሉ ዘይት የሚለየው አንድ ትንሽ ፓራኦሊዮ ብቻ ነው።

ፓራኦሊዮው ሲያረጅ የዲፍረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል። ቀጭኑ ቅልቅልም በኳሱ ጀርባ ወርዶ ቸርኬውን ያቆሽሻል፤ አቧራና ጭቃ ደግሞ በዚያው ይገባሉ። የዲፍረንሻሉ መተንፈሻ በጭቃ ሲደፈንም በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። በመሆኑም መተንፈሻው ሳይጸዳ አዲስ ፓራኦሊዮ መግጠም ድካም ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ በአራቱም ጎማ እየነዱ ሲታጠፉ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅና በፍጥነት ላይ የሚመጣ የመሪ መንቀጥቀጥ ናቸው። ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅም ይጠቅማል። ረዳት ፍሬን ሲረግጥ ነቅነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን የናክሉን ኩሽኔታ መጠርጠር ይገባል።

ሥራው ልዩ ፋብሪካ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ደልዳላ ቦታ፣ የ54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ፣ የናስ መምቻ፣ የማጥበቂያ መጠን የሚለካ ቁልፍ፣ የመኪናውን ሞዴል መመሪያና ትዕግሥት ነው። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል፤ አክሰሉም በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

የዲፍረንሻሉ ዘይት ከተቀዳ በኋላ ጎማው ይወልቃል። ዲስክ ፍሬን ባለው መኪና ካሊፐሩ በሽቦ ይታሰራል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠለጠልም። የአሮጌ ፍሬን አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበጃል። ከዚያ የጎማ መቆለፊያው፣ ሁለቱ ትልልቅ ዳዶዎች፣ ሞዞው፣ ሞዞው የሚቀመጥበት ክፍልና ዘንጉ ከነመገጣጠሚያው በቅደም ተከተል ይወጣሉ። ዳዶዎቹን በመሮ እየመቱ መፍታት ጥርሱን ያበላሻል።

ናክሉ ሲፈታ ከላይና ከታች ክዳኖች ሥር ስስ ማስተካከያ ብረቶች ይገኛሉ። የላዩ ከታቹ፣ የግራው ከቀኙ እንዳይቀላቀል ምልክት ይደረግባቸው። ኩሽኔታ ሲቀየር የሚቀመጥበት ቀለበት አብሮ ይቀየራል። በአሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም አሮጌ ጆንያ ውስጥ አዲስ እህል እንደ መጨመር ነው፤ ቀዳዳው አይደፈንም። የመገጣጠሚያው ቤት ከተሰነጠቀ ወይም ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት የዘንጉ ገጽ ከተቦረቦረ ክፍሉ ይቀየር። የአክሰሉ ቤት ራሱ ከተጣመመ ግን ጉዳዩ የባለሙያ ጋራዥ ነው።

ሁሉም ነገር በሚገባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አዲሱ ፓራኦሊዮ ከንፈሩ ግሪስ ተቀብቶ ሳይጣመም ይገባል። መገጣጠሚያው ሞሊብዲነም ባለው ግሪስ ይሞላል፤ የኳሱ ውስጥም ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላል። ናክሉ ሲታሰር ያለ ፓራኦሊዮው ጥብቀቱ በትንሽ ተንጠልጣይ ሚዛን እየተጎተተ ይለካና መመሪያው ከሚለው ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ የኳሱ ጀርባ ፓራኦሊዮ ይገጠማል። የሞዞው ዳዶም ጠብቆ፣ ሞዞው ወዲያና ወዲህ ተሽከርክሮ፣ ላልቶ፣ እንደገና በልኩ ጠብቆ በቆላፊው ቆርቆሮ ይታጠፋል። በመጨረሻ ዲፍረንሻሉ ጂኤል 5 ደረጃ ባለው የ90 ዘይት ይሞላል።

ሥራው በዚህ አያበቃም። በናክሉ ላይ የመሪውን ክንድ የሚይዙት ዳዶዎች ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና በልካቸው መፈተሽ አለባቸው። እነዚህ ላልተው ብሎኖቹ ከተቆረጡ ሹፌሩ መሪ ይዞ መኪናው ግን በፈቀደው ይሄዳል። የተቀዳው ዘይትና ያጠበው ጋዝ ደግሞ ወደ ማሳና ወደ ምንጭ ሳይሆን በተከደነ በርሜል ይጠራቀም።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

የግዥ ኮሚቴ ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጡ የአባላትን ገንዘብ ለመጠበቅ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም ጥራት የሌለው ፓራኦሊዮ ሲበላሽ ግሪሱ፣ ኩሽኔታውና የሰው ድካም አብረው ይጠፋሉ። ስለሆነም በጨረታ ሰነዱ ላይ ከዋጋ በፊት የጥራት መለኪያ ይጻፍ። ኃላፊዎችም መኪናው ከዘር ወቅት በፊት ለጥቂት ቀናት እንዲቆም ይፍቀዱ። ሹፌሩና ረዳቱ የተቀየረውን ዕቃና ኪሎ ሜትሩን በመዝገብ ይያዙ፤ ሹፌር ቢለወጥ መዝገቡ ይናገራልና።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በጸጥታው ወር ግቢ ውስጥ የሚፈታ አክሰል በሥራው ወር ገደል አፋፍ ላይ አይፈታም።

መልካም በዓል!