«ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም

አቅራቢ 1፦ በግንኙነት ጊዜ እያመማት ለማንም ያልተናገረች ሴት ዛሬ ብትሰማን ደስ ይለኛል። የብልት ድርቀት ሕክምና አለው።

አቅራቢ 2፦ ብዙዎች ግን «ዕድሜ ነው» ብለው ችለውት ይኖራሉ።

አቅራቢ 1፦ ከማረጥ በኋላ መብዛቱ እውነት ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ እርጥበቱም ይጎድላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውም አሉ። የማረጥ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ይበርዳል፤ ድርቀቱ ግን ካልታከመ ይብሳል እንጂ እምብዛም አይለቅም።

አቅራቢ 2፦ የሚያጠቡ እናቶችስ?

አቅራቢ 1፦ ጥሩ አነሳሽው! በማጥባት ጊዜም ኢስትሮጅን ይቀንሳል። ወጣቷ እናት «ባሌን ጠላሁት እንዴ?» ብላ ትጨነቃለች፤ እሱም «አትፈልገኝም» ይላል። በሆርሞን ምክንያት ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲቀያየሙ ያሳዝነኛል።

አቅራቢ 2፦ ታዲያ ምን ታድርግ?

አቅራቢ 1፦ የብልቷን ውስጥ በሳሙና መታጠብ ታቁም። ለግንኙነት፣ ከውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ከፋርማሲ ትጠይቅ። ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶም ስለሚቀድዱ አይሆኑም። ይህ ካልበቃ ሐኪም በብልት ውስጥ የሚደረግ፣ መጠኑ አነስተኛ የሆነ የኢስትሮጅን ክሬም ወይም እንክብል ሊያዝላት ይችላል፤ ለውጡን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል። የጡት ካንሰር የነበረባት ግን አስቀድማ የካንሰር ሐኪሟን ታማክር።

አቅራቢ 2፦ ካረጡ በኋላ ደም ያዩ እናቶችስ?

አቅራቢ 1፦ ጠብታም ብትሆን ሳይውሉ ሳያድሩ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መንስኤው ድርቀት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰር አለመሆኑ ግን በምርመራ መረጋገጥ አለበት።