በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከጅማ ተነሥቶ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አጋሮን ያገኛል። አጋሮ በቡናዋ የታወቀች ከተማ መሆኗ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ያ ቡና ለገበያ እስኪበቃ ድረስ በብዙ ሴቶች እጅ እንደሚያልፍ ግን ሁልጊዜ አይታሰብም። ዛሬ የምናወሳው ደዌ ከእነዚህ ሴቶች በአንዳንዶቹ ላይ፤ እንዲሁም በየመሥሪያ ቤታችን ከጠረጴዛችን አጠገብ ተቀምጠው ከሚሠሩት እኅቶቻችን በአንዳንዶቹ ላይ ያለ፤ ነገር ግን ስሙ የማይጠራ ደዌ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደዌው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማኅፀን የውስጥ ገበር በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ያልተገኘ እንደሆነም ከደም ጋር ይወርዳል፤ ይህም የወር አበባ የምንለው ነው። ይህን ገበር የመሰለ ሥጋ ከማኅፀን ውጭ በሌላ ስፍራ ሲበቅል ደዌው ተገኘ ማለት ነው። ከሚበቅልባቸው ስፍራዎች አንዱ እንቁልጢ፤ ማለት የሴቲቱ የዘር እንቁላል የሚበስልበት ዕጢ ነው። በዚያ የሚደማው ደም መውጫ ስለሌለው ከወር ወደ ወር እየተጠራቀመ ከረጢት ይሠራል፤ ሲያረጅም ይጠቁራል፤ ይወፍራል። የውጭ አገር ሐኪሞች መልኩን አይተው «የቸኮሌት ከረጢት» አሉት። በአጋሮ ተሰይሞ ቢሆን ኖሮ «የቡና አተላ» በተባለ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ 10 ያህሉ፤ ይኸውም በመላው ዓለም 190 ሚሊዮን የሚደርሱ ሴቶች ይህ ደዌ አለባቸው። ምልክቱም በወር አበባ ጊዜ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ብርቱ ቁርጠት፤ በሩካቤ ጊዜ የሚሰማ ሕመም፤ በብዙዎችም ላይ ለመፅነስ መቸገር ነው።

የምርምሩን ታሪክ ብንመለከት፤ በቪየና ከተማ የነበረው ሐኪም ካርል ሮኪታንስኪ በ1860 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ነገር ጽፏል። አሜሪካዊው ጆን ሳምፕሰን በ1921 ዓ.ም. የእንቁልጢውን ከረጢት በዝርዝር አስረዳ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የወር አበባ ደም በከፊል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ ደዌው ከዚያ ይመነጫል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። ሆኖም ደም ወደ ኋላ መመለሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚደርስ ሲሆን ደዌው ግን የሚይዘው ጥቂቶቹን ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው? የዘመናችን ምርምር በብዛት የሚያተኩረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት ግን ትምህርት የሚሆነን አንድ ስሕተት አለ። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ይህን ደዌ የነጮችና የባለጸጎች ሴቶች ደዌ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጥቁር ሴት ሆዷን ታምማ ብትመጣ፤ በአባለ ዘር በሽታ የመጣ ብግነት ነው ተብላ ትሸኝ ነበር። ዶናልድ ቻትማን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም በ1976 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ብግነት አለባችሁ ከተባሉት ጥቁር ሴቶች ከመቶ 20 የሚበልጡት ኢንዶሜትሪዮሲስ እንደነበረባቸው አስረዳ። ደዌው ቀድሞውንም ነበረ፤ ያልነበረው ፈላጊ ነው።

አሁን የምርምሩ አካሄድ በአራት መንገድ ተለውጧል።

አንደኛው ደዌውን ለይቶ ስለ ማወቅ ነው። ቀድሞ ሆድን በትንሹ ቀድዶ በመነጽር ካልታየ በቀር ደዌው አለ ተብሎ አይቈረጥም ነበር። በ1922 ሳይሆን በ2022 ዓ.ም. የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር ባወጣው መመሪያ ግን ይህ የግድ መሆኑ ቀርቷል። በተለይም የእንቁልጢውን ከረጢት የሠለጠነ ባለሙያ በአልትራሳውንድ ሊለየው ይችላል።

ሁለተኛው ስለ ሕክምናው ነው። ከረጢቱን ቈርጦ ማውጣት ሕመሙን ቢያስታግሥም፤ ከእንቁልጢው ጤነኛውን ክፍል ጨምሮ ሊጐዳና የቀረውን የእንቁላል ብዛት ሊቀንስ እንደሚችል ተረጋግጧል። ስለዚህ ልጅ የምትሻ ሴት ከመቈረጧ በፊት በሚገባ መመካከር ያስፈልጋታል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ለቤተሰብ ምጣኔ ከሚሰጡት እንክብሎች አንዳንዶቹ ይህንንም ሕመም ያስታግሣሉ።

ሦስተኛው ስለ ደዌው ምንጭ ነው። በ2023 ዓ.ም. ኔቸር ጄኔቲክስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ደዌው ያለባቸውን ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች ከሌሎች ከ700,000 በላይ ከሆኑት ጋር አነጻጽሮ፤ ከደዌው ጋር የተያያዙ 42 የዘረ መል ስፍራዎችን አገኘ፤ የእንቁልጢው ዓይነትም በዘር በኩል ከሌላው የሚለይ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፉሶባክቴሪየም የተባለውን ረቂቅ ተሐዋስ በመረመሯቸው በሽተኞች ማኅፀን ውስጥ ከመቶ 64 በሚሆኑት ላይ ሲያገኙት፤ ደዌው በሌለባቸው ላይ ግን ከመቶ 10 ባነሱት ብቻ አገኙት። ይህ ገና ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚሻ ነው።

አራተኛው ስለ ነቀርሳ፤ ማለት ስለ ካንሰር ነው። በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ በዩታ ግዛት የተደረገ ጥናት የእንቁልጢው ወይም ወደ ውስጥ የጠለቀው ዓይነት ባለባቸው ሴቶች ላይ የእንቁልጢ ነቀርሳ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ እንደሚታይ ገልጿል። ይህን ሰምቶ መደንገጥ አይገባም። ነቀርሳው ራሱ እምብዛም የማይገኝ ስለሆነ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው 10,000 ሴቶች ውስጥ በዚህ ምክንያት የሚጨመሩት 10 ያህል ብቻ ናቸው። ነገሩ መከታተልን እንጂ ሽብርን አይጠይቅም።

ክቡራን ሆይ፤ ከላይ ባነሣነው የዘረ መል ጥናት የተቈጠሩት ሴቶች የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ተወላጆች ናቸው። የአጋሮ ሴት በዚያ መዝገብ ውስጥ የለችም። ስለ እርሷ ሳይጠየቅ የተገኘው መልስ ለእርሷ ምን ያህል እንደሚስማማ ማንም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም።

መሣሪያው ከእኛ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በዚህ ስም የተቋቋመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅፀንና የፅንስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በአዲስ አበባም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማእከል ከፍቷል። ነገር ግን ምርምር ሁሉ የሚጀምረው ከበሽተኛዋ ካርድ ነው። ካርድ የሚጻፈው ደግሞ ሴቲቱ ሕመሟን ስትናገርና የሚሰማት ስታገኝ ነው።

እስቲ አንዲት ሴት በአጋሮ ትኖራለች እንበል። በልጅነቷ በየወሩ ስትታመም እናቷ «ሁላችንም እንዲህ ነበርን፤ ስትወልጂ ይተውሻል» አለቻት። አግብታ ሦስት ዓመት ሳትወልድ ብትቀር የባሏ ዘመዶች «መካን ናት» አሉ። ባሏ ሳይመረመር ትዳሯ ፈረሰ። ከረጢቱ ግን በውስጧ አለ፤ ስሙንም የነገራት የለም። አባባላችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ይህች ሴት ግን በሽታዋን አልሸሸገችም፤ ተናግራለች፤ የሸሸግንባት እኛ ነን።

ስለዚህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች በሦስት ነገር ልትረዱ ትችላላችሁ። አለቃ የሆናችሁ፤ በየወሩ ለሕክምና ፈቃድ የምትጠይቀውን ሠራተኛ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ወደ ሐኪም ላኳት። ባልና አባት የሆናችሁ፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም የሴት ዕጣ ነው አትበሉ፤ ዓመት ሙሉ ፅንስ ሳይገኝ ቢቀርም ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ። በጤና መሥሪያ ቤት መዝገብ የምትይዙ ደግሞ፤ «የሆድ ሕመም» ብላችሁ በአንድ ቃል አትለፉት፤ መቼ እንደሚጀምር፤ ከወር አበባ ጋር መያያዙን ጨምራችሁ ጻፉ። ነገ የጅማ ተመራማሪ ስለ አጋሮ ሴቶች ሊጠይቅ ሲነሣ መልሱን የሚያገኘው ዛሬ በእናንተ እጅ ከተጻፈው መዝገብ ነው።