የጀልባ ሞገድና የጣና ዳርቻ

ሞተር ጀልባ ሲጓዝ ውኃውን ወደ ጎንና ወደ ታች እየገፋ ያልፋል። የተገፋው ውኃ ወደ ቦታው ሲመለስ በግራና በቀኝ የሚዘረጋ ሞገድ ይፈጠራል። ጀልባው ከዓይን ከራቀ በኋላም ሞገዱ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ጉልበቱን የሚያራግፈውም ዳርቻ ላይ ነው። እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ የመርከብ ወደብ፣ የሆቴል መናፈሻ፣ የዓሣ አስጋሪ ታንኳና የደንገል ጥሻ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ የጀልባን ሞገድ መቆጣጠርና የዳርቻን ግንባታ ማስተካከል ተነጣጥለው የሚታዩ ሥራዎች አይደሉም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ በ1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ ነው። ከባሕር ዳር የሚነሡ ጀልባዎች ጎብኚና ምዕመን ይዘው ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ይሄዳሉ። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ ሐይቁን አቋርጠው እስከ ጎርጎራ ይዘልቃሉ። በነፋስ ለሚነሣ ማዕበል የተጋለጠው ዳርቻ ምት ለምዶ የኖረ በመሆኑ የጀልባ ሞገድ ብዙ አይጨምርበትም። ጉዳቱ የሚጎላው ነፋስ በማይደርስባቸው ጸጥ ያሉ ቦታዎች ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጠባብ አፍና ደንገል የሸፈናቸው ሰርጦች ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

የሞገዱን መጠን በዋናነት የሚወስነው ፍጥነት ነው፤ ግንኙነቱ ግን ቀጥተኛ አይደለም። ጀልባ በዝግታ ሲሄድ አካሉ በውኃው ውስጥ ተደላድሎ ስለሚቀመጥ ሞገዱ ትንሽ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ኋላው ይሰምጣል፤ ትልቁ ሞገድ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ሲፈጥን ቀላል ጀልባ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምራልና ሞገዱ መልሶ ያንሳል። በፍጥነት ሲመጣ የነበረ ነጂ ዳርቻ ሲቃረብ ጥቂት ብቻ ቢቀንስ ጀልባው ወደ መካከለኛው ፍጥነት ይገባና ከቀድሞው የባሰ ሞገድ ወደ ዳር ይልካል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ያለበት ገና ከሩቁ ነው፤ ቅነሳውም አፍንጫው ወርዶ ጀልባው እስኪተኛ ድረስ መሆን ይኖርበታል። ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ኋላ ሲከማችም ኋላው ስለሚሰምጥ ሞገዱ ይጨምራል። ጭነትን ማመጣጠን ከመስጠም አደጋ ከመጠበቁ ባሻገር ለዳርቻውም ይጠቅማል።

የውኃው ጥልቀት ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ጥልቀት ሞገዱ እጅግ የሚያይልበት ፍጥነት አለ። በ1 ሜትር ውኃ ላይ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር፣ በ2 ሜትር 16 ኪሎ ሜትር፣ በ8 ሜትር ደግሞ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐይቁ መካከል ጉዳት የሌለው ፍጥነት ጥልቀቱ ባነሰው ዳርቻ ላይ ትልቅ ሞገድ የሚያስነሣው በዚህ ምክንያት ነው። የሞገድ ጉልበት ደግሞ በቁመቱ ካሬ ያድጋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሞገድ 40 ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ርቆ መሄድም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በጥልቅ ውኃ ላይ የሞገዱ ቁመት በግማሽ የሚቀንሰው ርቀቱ ስምንት እጥፍ ሲሆን ነው።

ጉዳቱን ፈጥኖ የሚያየው ታንኳ ቀዛፊው ነው። ከደንገል የታሰረ ታንኳ ጠርዙ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፤ ቀዛፊውም የተቀመጠው ከውኃው ጋር ተካክሎ ነው። ሞገዱ የሚደርሰው ጀልባው ካለፈ በኋላ ስለሆነ መቅዘፉን ትቶ የታንኳውን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ማዞር አለበት፤ በጎኑ ከተመታ ጭነቱ ይርሳል፣ ወይም ታንኳው ይገለበጣል። በወደብ ላይ ደግሞ አንድ እግሩን ጀልባው ውስጥ፣ ሌላውን መውረጃው ላይ ያደረገ ተሳፋሪ ሞገድ ሲመጣ በሁለቱ መካከል ሊወድቅ ይችላል። በጥሻው ዳር ሞገዱ ከደንገሉ ሥር አፈሩን እያጠበ ያወጣል፣ የታችኛውን ጭቃ ያደፈርሳል፣ በዳር የሚጥሉ ዓሦችን ዕንቁላልና የወፎችን ጎጆ ይጎዳል።

የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ በዳርቻ፣ በወደብና በጥሻ አካባቢ የዝግታ ቀጠና መከለል ነው። ቀጠናው ከሩቅ በሚታዩ ተንሳፋፊ ምልክቶች ይታወቃል፤ መነሻውም ጀልባው ተደላድሎ እስኪተኛ የሚበቃ ርቀት ሊኖረው ይገባል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ጀልባ ሲጠማዘዝ በውስጠኛው በኩል ሞገዶቹ ስለሚደራረቡ ነው። በጣሊያኗ ቬኒስ የሞተር ጀልባ ሞገድ የቤቶችን መሠረት እየበላ በማስቸገሩ በከተማዋ ቦዮች ውስጥ ፍጥነት በሰዓት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተገድቧል። የከተማዋ ቀዛፊዎችም የሞተር ጀልባን ሞገድ በመቃወም እ.አ.አ. በ1975 የጀመሩት የቀዘፋ ትዕይንት ዓመታዊ በዓል ሆኗል።

ሁለተኛው የዳርቻው አሠራር ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ የኮንክሪት ግንብ ሞገዱን አያጠፋውም፤ ወደ ሐይቁ ይመልሰዋል። የተመለሰው ከሚመጣው ጋር ሲጋጭ ወደቡ ይናወጣል፣ ከግንቡ ሥር ያለው አፈርም ይጠረጋል። ተዳፋት ሆኖ በሻካራ ድንጋይ የተደረደረ ዳርቻ ግን ሞገዱን ይሰባብረዋል። ከሁሉም የሚሻለው ደንገልና ፊላ ናቸው፤ ግንዳቸው የሞገዱን ጉልበት ያደክማል፣ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል። ለእይታ ሲባል ጥሻውን መንጥሮ የተሠራ መናፈሻ ከጊዜ በኋላ የጥገና ወጪ የሚበዛበት መከላከያው ስለተነሣ ነው።

ሦስተኛው የጀልባ ማረፊያው ነው። የጣና ውኃ ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይወርዳል። ከፍታው የማይለወጥ መድረክ በአንዱ ወቅት በውኃ ይዋጣል፣ በሌላው ተሳፋሪው የሚዘልበት ይሆናል። ተንሳፋፊ ማረፊያ ግን ከውኃው ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው በማጠፊያ የተያዘ ድልድይ ነው። የመርከብ፣ የጎብኚ ጀልባና የታንኳ ማረፊያ ቢለያይ፣ በጠርዙም አሮጌ የመኪና ጎማ ቢንጠለጠል ግጭት ይቀንሳል። ነዳጅ የሚቀዳበትም ቦታ ከተሳፋሪና ከመጠጥ ውኃ መቅጃ መራቅ አለበት።

የውኃው ከፍታ ለዝናብ ብቻ የተተወ አይደለም። በዓባይ መውጫ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ እ.አ.አ. በ1996 ሥራ ጀምሯል፤ እ.አ.አ. በ2001 መዝጊያዎች ተጨምረውለታል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ከዚያ በፊት በነበረ ድርቅ፣ በሰኔ 1995 ዓ.ም.፣ የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,784.3 ሜትር ወርዶ ነበር። መርከቦች ለመንቀሳቀስ 1,785 ሜትር ያህል ስለሚያስፈልጋቸው ጉዞ ለአራት ወር ገደማ ተቋረጠ፤ ሰፊ የደንገል ጥሻም ጠፋ። ስለዚህ የወደብ ዕቅድ ከኃይል ማመንጫው የውኃ አጠቃቀም ጋር መናበብ አለበት።

የሐይቁ ዳር ጥልቀት ደግሞ ከላይ ከደጋው ጋር የተያያዘ ነው። የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥቶ የፋርጣ፣ የእስቴና የደራ ወረዳዎችን ጎርፍ ይሰበስባል፤ በዋንዛዬ ፍል ውኃ በኩል አልፎ በፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ይገባል። ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ አካባቢ ወደ ጉማራ ከሚወርዱ ተዳፋት ማሳዎች የታጠበ አፈር በወንዙ አፍ ደለል ይሆናል። ደለል ሲከማች ውኃው ይሳሳል፤ ውኃው ሲሳሳ ያው ጀልባ በዚያው ፍጥነት የከፋ ሞገድ ያስነሣል፣ ሞተሩም ጭቃ ይቆፍራል። ከአፈሩ ጋር የሚወርደው ንጥረ ነገር እ.አ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየውን እምቦጭ የተባለ አረም ይመግባል። እምቦጩን ጥሶ የሚያልፍ ጀልባ የቆራረጠው ቁራጭ በሞገድ እየተገፋ ሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል። በእስቴ ማሳ ላይ የሚሠራ እርከን ለገበሬው አፈር ይጠብቃል፤ ለጣና ጀልባ መስመርም ጥልቀት ይጠብቃል።

በአሠራር ረገድ ኃላፊነቱ የተከፋፈለ ነው። ጀልባን መመዝገብ፣ የነጂን ብቃት፣ የተሳፋሪን ቁጥርና የሕይወት አድን ጃኬትን መከታተል የትራንስፖርት ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። የዳርቻ ግንባታን መፍቀድና መከልከል ለከተማ አስተዳደሩ ይቀርባል። የሐይቁን ጤና መከታተል ደግሞ በክልሉ የውኃ አካላት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ላይ ይወድቃል። ውጤቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በዳርቻው ላይ በየተወሰነ ርቀት ችካል ተክሎ ጠርዙ ምን ያህል እንደሸሸ ከክረምት በፊትና በኋላ መለካት ይበቃል። ጠርዙ በሸሸበት ቦታ የዝግታው ቀጠና ይሰፋል፣ ደንገል ይተከላል፣ ወይም የጀልባው መስመር ወደ ጥልቁ ይዛወራል።