ክፍልፋይን ስለ ማካፈል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከክፍላችን አንድ ተማሪ ንግግር ያድርግ ተብሎ ዕጣው በእኔ ላይ ስለ ወደቀ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ትናንሾቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚማሩትን ክፍልፋይን ማካፈል ነው። ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። ነገር ግን ይህንን ሒሳብ በሚገባ ባለማወቄ ታናሽ ወንድሜን ሌባ ልለው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

እናቴ በሐዋሳ መሃል ከተማ ባላት ትንሽ ሱቅ የተፈጨ የሲዳማ ቡና በከረጢት ትሸጣለች። አንድ ቀን አምስት ኪሎ ቡና አቅርባ፣ ሦስት ሩብ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ስንት እንደሚሞላ ጠየቀችኝ። እኔም በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ደንቡን እንደ መዝሙር በቃሌ አጥንቼው ስለ ነበር፣ አካፋዩን ገልብጬ አባዛሁ። 5 ሲባዛ በ4/3፣ 20/3 ይሆናል፤ ይኸውም ስድስት ሙሉ ከሁለት ሦስተኛ ነው። «ስድስት ከረጢት ይሞላል፤ ሁለት ሦስተኛ ኪሎ ይተርፋል» ብዬ በኩራት ተናገርሁ።

ወንድሜ ስድስቱን ከረጢት ሞልቶ የተረፈውን በሚዛን ቢያስቀምጠው ግማሽ ኪሎ ብቻ ሆነ። እንግዲህ በእኔ ስሌት አንድ ስድስተኛ ኪሎ፣ ማለት 167 ግራም ያህል ቡና ጎድሏል። እናቴ ዝም አለች። እኔ ግን ወደ ወንድሜ ዞሬ «የቀረውን የት አደረስኸው?» አልሁት። ልጁ እንባው እየመጣ «ወንድም ጋሼ፣ ሁለት ሦስተኛ ያልኸው የምኑን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ምሽት ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። አሥራ ሁለትን ለሦስት ስናካፍል፣ በአሥራ ሁለት ውስጥ ሦስት ስንት ጊዜ ይገኛል ማለታችን ነው። እንዲሁም 5ን ለ3/4 ስናካፍል፣ በአምስት ኪሎ ውስጥ ሦስት ሩብ ኪሎ ስንት ጊዜ ይገኛል ማለት ነው። ብርን በሳንቲም እንደምንመነዝር፣ አምስቱን ኪሎ በሩብ ኪሎ እንመንዝረው። በየኪሎው አራት ሩብ ስላለ ሃያ ሩብ ይሆናል። አንድ ከረጢት ሦስት ሩብ ስለሚይዝ ሃያውን ለሦስት እናካፍላለን። እነሆ፣ በአራት አባዝተን ለሦስት አካፈልን፤ በ4/3 ማባዛት ማለት ይኸው ነው። ለካስ መገልበጡ ጥንቆላ አይደለም!

ተገላቢጦሹ 4/3 ራሱን ችሎ የሚናገረው ነገርም አለው፤ አንድ ኪሎ ቡና አንድ ከረጢትና የከረጢት ሲሶ ይሞላል ማለት ነው። ከረጢቱ ከኪሎ ስለሚያንስ የከረጢቱ ቁጥር ከኪሎው ቁጥር በለጠ። ማካፈል ሁልጊዜ ቁጥርን ያሳንሳል ብላችሁ የምታምኑ ጓደኞቼ ይህንን ልብ በሉልኝ። በስሕተት አምስቱን ገልብጠን ሦስት አራተኛውን እንዳለ ብንተው ደግሞ 3/20 ይመጣል፤ እርሱም የአንዱ ከረጢት ድርሻ ከጠቅላላው ቡና ስንት እንደ ሆነ የሚነግር እንጂ እናቴ የጠየቀችው አይደለም።

ደንቡ ጥንታዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ850 ገደማ ማሃቪራ የተባለ የህንድ የሒሳብ ሊቅ አካፋዩን ገልብጦ ማባዛትን በመጽሐፉ አስፍሮታል።

አሁን ወደ ጎደለው ቡና ልመለስ። ሃያ ሩብ ለሦስት ሲካፈል ስድስት ደርሶ ሁለት ሩብ ይተርፋል፤ እርሱም ግማሽ ኪሎ ነው። ከረጢቱ ግን ሦስት ሩብ ስለሚፈልግ፣ ያው ግማሽ ኪሎ የከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሚዛኑ እውነቱን ተናገረ፤ ስሌቱም እውነቱን ተናገረ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፣ ከረጢቱን ኪሎ ብዬ ጠርቼዋለሁና። አባቶቻችን ግን ይህ አልጠፋቸውም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በነበረው ሥርዓት ሲሶ አራሽና እርቦ አራሽ ሲባል፣ ሲሶውም እርቦውም የመከሩ እንደ ሆነ ባለመሬቱም አራሹም ያውቁት ነበር። ወንድሜም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀቱን አሳይቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔስ ጠይቄህ ነበር» አለኝና ከረጢቶቹን መደርደር ቀጠለ። እናታችንም በተረፈው ግማሽ ኪሎ ላይ ከሌላ ቆርቆሮ ሩብ ኪሎ ጨምራ ሰባተኛውን ከረጢት ሞላችው።