የምጣዱን ትኩሳት አናባክን
(ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በቀዝቃዛ አገር አንዳንዶች የልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚተፋውን ሙቀት ቤት ያሞቁበታል። እኛ አዋሽና ሰመራ ላይ ልብሱን ፀሐይ ታደርቅልናለች፤ ሙቀትም ሞልቶናል። ገንዘብ የምንከፍልበት ሙቀት ግን ምጣዳችን ላይ አለ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ከጠፋ በኋላም ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ የመጨረሻዋ እንጀራ ስትቀር እናጥፋው፤ በቀሪው ትኩሳት እሷን እንጋግር፣ ለወፍጮ የተዘጋጀ ቅመም እናሟሙቅ። ቆጣሪው ቆሞ ሥራው ይቀጥላል። እንጀራ ሸጠን ለምናድር ትርፉ ከዚህ ይጀምራል።

አንድ አደራ አለን፤ ደጋ ያሉ ዘመዶቻችን ለሙቀት ብለው የከሰል ምድጃ ወደተዘጋ ቤት አያስገቡ። ጭስ ባይታይም ከፍሙ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ይገድላል። ሙቀት እንቆጥብ፤ ሰው ግን አንጣ።