መድኃኒትዎ ከእጅዎ አይለይ
(ወደ ኢትዮጵያ ለጉብኝት ለሚበሩ ወላጆችና ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አውሮፕላን ጉዞና ስለ ጤና ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ የወጣችሁት በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ ስለ ሻንጣ የተጨነቀ አልነበረም፤ ቦታ እንዲገኝ የአውሮፕላኑ ወንበር ሳይቀር ተነቅሎ ነበር። ዛሬ ግን ያው ሰው ዘመዱን ለመጠየቅና የወላጆቹን መቃብር ለማየት ሲሄድ ዕድሜው ገፍቷል፤ ስኳር ወይም ደም ብዛት ይኖርበታል፤ በቀን አምስትና ስድስት ክኒን ይውጣል። ከቤን ጉሪዮን አዲስ አበባ 4 ሰዓት ያህል ነው። በረራው ራሱ ብዙ ሰው አይጎዳም። ሰው የሚጎዳው መድኃኒቱ ሲቋረጥበት ነው።

ስለዚህ ከክኒኑ እጀምራለሁ። ቲኬት ከተቆረጠ በኋላ ሳይሆን ገና ሲታሰብ ወደ ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ ለቤተሰብ ሐኪሙ «ለዚህን ያህል ቀን እሄዳለሁ» በሉት። የሚበቃችሁን መድኃኒት ውሰዱ፤ በዚያ ላይ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ጨምሩ። በሰኔ 2025 ቤን ጉሪዮን በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ብዙ ሺህ ሰው ውጭ አገር መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ትርፍ ክኒን የያዘና ያልያዘ ሰው ጭንቀታቸው እኩል አልነበረም። ከሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤም ጠይቁ፤ በውስጡ የበሽታችሁ ስም፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስምና መጠኑ ይኑር። በዕብራይስጥ የተጻፈውን የክኒን ካርቶን ጎንደር ያለ ፋርማሲስት ሊያነብላችሁ አይችልም።

መድኃኒቱ በሙሉ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይግባ። ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ፣ ሊጠፋም ይችላል። ኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ ጭነት ክፍል ውስጥ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል፤ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ፍተሻ ላይ «ኢንሱሊን ነው» ብላችሁ ደብዳቤውን አሳዩ። በእጅ ለሚያዝ ፈሳሽ የተወሰነው 100 ሚሊ ሊትር ለመድኃኒት አይመለከትም። የስኳር ሕመምተኛ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ ምግቡም ይዘገያል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ስለማትወዱት ነገር ልናገር። እዚያ ስትደርሱ ዘመድ ይሰበሰባል። «እኔም ደም ብዛት አለብኝ፤ የእስራኤል መድኃኒት ጥሩ ነው ይላሉ፤ ጥቂት ስጠኝ» ይላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ በእኛ ባህል ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነው። ነገር ግን ለእህታችሁ አሥር ክኒን ስትሰጡ እናንተ አሥር ቀን ታጎድላላችሁ። እርሷም ተመርምራ ያልታዘዘላትን ስትውጥ ግፊቷ ከልክ በታች ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። የስኳር ክኒን ስኳር ለሌለበት ሰው ሲሰጥ ደግሞ፣ እንደ ክኒኑ ዓይነት፣ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ልብስ ስጡ፣ ጫማ ስጡ፣ ከቻላችሁም ዘመዳችሁን ራሳችሁ ሐኪም ቤት ወስዳችሁ አስመርምሩ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ክኒናችሁን ግን አትስጡ።

ስለ ሰዓት ልንገራችሁ። በእስራኤል የበጋው ሰዓት በሚሠራበት ወራት የሁለቱ አገሮች ሰዓት እኩል ነው፤ በቀሩት ወራት ኢትዮጵያ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የኢንሱሊኑን ሰዓት ማዛወር ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። ወደ አሜሪካ ልጁን ለመጠየቅ የሚሄድ ግን ልዩነቱ ሰባት ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሆነ አስቀድሞ ነርሷን ይጠይቅ። ችግሩ የሚመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። ሐኪሙ 8:00 ብሎ የጻፈው በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። «በ8 ሰዓት መርፌዬን አስታውሰኝ» ያላችሁት የወንድም ልጅ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ይመጣላችኋል፤ ስድስት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በዘመድ ቤት ሰዓት አትጥሩ፤ «ከቁርስ በፊት»፣ «ከራት ጋር» በሉ።

ቲኬቱም እንዲሁ ነው። ጁላይ 10፣ 00:40 የሚል ቲኬት የያዘ ሰው አየር ማረፊያ መገኘት ያለበት ጁላይ 9 ማታ ነው። ጁላይ 10 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ አምልጦታል። ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቲኬቱን አይቶ ቀኑን በአማርኛ ይጻፍላችሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ብዙ ሽማግሌዎች መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲሉ ውኃ አይጠጡም፤ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ክኒንም ይተዋሉ። ሁለቱም መልካም አይደለም። በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ጠይቁና እንደ ልባችሁ ተነሱ። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ውስጥ ደም ሊያረጋ ይችላል፤ በተለይ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው፣ ካንሰር ያለባቸውና እርጉዞች ይጠንቀቁ። ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ በየሰዓቱ ትንሽ መራመድ ይበቃል። ካረፋችሁ በኋላ አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ትንፋሽም ቢያጥር በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተጨመረለት ሰው ጋዙ እስኪጠፋና ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ፈጽሞ አይብረር። ለሕፃናት አውሮፕላኑ ሲወርድ ጡት ወይም ጡጦ ስጧቸው፤ ሲውጡ ጆሯቸው ይከፈታል።

ልብና ሳንባ የሚያማቸው ይህን ልብ ይበሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር የሳሳ ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ናታንያ ወይም አሽዶድ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር የሚያገኘው የሳሳ አየር ሲያርፍም አይለቀውም። «እኔ ደገኛ ነኝ» አትበሉ፤ ሰውነት ሠላሳና አርባ ዓመት ከለቀቀው በኋላ ደጋውን ይረሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እረፍት አድርጉ፤ ወደ ገደል መንደር በእግር መውጣቱ ይቆይ።

መራመድ የሚያቅተው ሰው ባለ ጎማ ወንበር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በአየር መንገዱ በኩል ይጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። በወንበር መገፋት ውርደት የሚመስላቸው አባቶች አሉ። አይደለም፤ ጉልበታችሁን ለዘመድ ቤት አቆዩት። ፍተሻ ላይ «ሻንጣውን ማን አሰረው? የሰው ዕቃ ይዘሃል?» ይባላል። ስለዚህ የጎረቤትን ጥቅል ሳትከፍቱ አትቀበሉ።

ጤና መድን ማለትም ቢቱዋሕ ብሪዑት እዚያ አያገለግልም፤ ለጉዞ የሚሆን ቢቱዋሕ መግዛት ግድ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን እለምናለሁ። በስልክ ስትሞሉ «አባትህ በሽታ አለበት ወይ?» ሲሏችሁ ለማሳጠር ብላችሁ «የለም» አትበሉ። ስኳሩን፣ ልቡን፣ ያለፈውን ሕክምና ሁሉ ንገሩ፤ ዋጋው ይጨምራል። የተደበቀ በሽታ ቢነሳ ግን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ወደ ጎንደር የምታስቡም በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ ውጊያ ስለነበረ የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያና የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

በመጨረሻ ክትባትና ወባ። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በፊት የተጓዦች ክሊኒክ ሂዱ። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ሐኪሙ ይወስን። ከ6 ወር በላይ የሆነ ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ቀደም ብሎ ሊሰጠው ስለሚችል ጢፓት ሐላብ ጠይቁ። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ መተማ፣ ሁመራና ሌላው ቆላ ግን አለ፤ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያም ይገኛል። እዚህ የተወለደ ልጅ ለንዳድ ምንም መከላከያ የለውም፤ እናንተም በልጅነት የነበራችሁ መከላከያ ከጊዜ ብዛት ጠፍቷል። የወባ መከላከያ ክኒን ከታዘዘላችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ ውሰዱ። አንዱ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ከእናንተም ሆነ ከልጆቹ አንዱን ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱና ከሁሉ በፊት «ኢትዮጵያ ነበርን» በሉ። ሐኪሙ ካልተነገረው የወባ የደም ምርመራ ላያዝ ይችላል።